ሊነክስ ላይ የቲፒኤም ቺፕ ኢንተራፕት ሲያስቸግር፦ ቺፑን ሳይነኩ ማስተካከል

ላፕቶፑ ምንም ሳይሠራ ፋኑ ይጮኻል። የተከፈተ ፕሮግራም የለም። ባትሪው ግን ቁልቁል ይወርዳል። ባሕር ዳር በሚያዝያ ቀትር ላይ ቢሆን «ሙቀቱ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ፣ በሐምሌ ብርድ እንዲህ ከሆነ ግን ውስጥ ያለ አንድ ነገር ፕሮሰሰሩን እረፍት ነስቶታል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ፋኑን ያስጠርጋል። ቴርማል ፔስት ያስቀይራል። ያም ካልሆነ ሲስተሙን ፎርማት ያስደርጋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ጣጣው ያለው ከአንዲት ትንሽ ቺፕ ጋር በሚነጋገረው ድራይቨር ላይ ነው። ቺፑ ቲፒኤም ይባላል። የዲስክ መክፈቻ ቁልፎችንና የመሳሰሉ ምስጢሮችን የሚይዝ የደኅንነት ቺፕ ነው።

ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አንድ ነገር እንዳይረሳ እለምናለሁ። ቺፑን አታጽዱት፣ አታጥፉት። የሚስተካከለው ድራይቨሩ ነው። ማስተካከያውም አንድ ቃል ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ አንድ ሜጋባይት ኢንተርኔትም አይፈልግም። ኔትወርክ ለወራት ጠፍቶ በሚከርምበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ከየት ይመጣል

ድራይቨሩ የቺፑን መልስ የሚያገኝበት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ኢንተራፕት ነው። እንግዳ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ እንደሚጣራው፣ ቺፑ ሥራውን ሲጨርስ ፕሮሰሰሩን ይጠራል። ሁለተኛው ፖሊንግ ነው። ጥሪ ሳይጠብቁ አልፎ አልፎ ወጥቶ በሩን ማየት ማለት ነው። ችግር የሚመጣው በሩ ላይ ማንም ሳይኖር «ቤቶች! ቤቶች!» የሚለው ድምፅ ሳያቋርጥ ሲሰማ ነው። ፕሮሰሰሩ በየጊዜው ሥራውን አቁሞ ይወጣል፤ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ተመልሶ ሳይቀመጥ እንደገና ይጠራል። ይህ የኢንተራፕት ጎርፍ ይባላል።

ብዙውን ጊዜ ምንጩ የላፕቶፑ ፈርምዌር ነው፤ አምራቹ ማሽኑ ውስጥ የጫነው የማስነሻ ፕሮግራም ማለት ነው። የኢንተራፕት መስመሩ በየት እንደሚያልፍና እንዴት እንደሚሠራ ለከርነሉ፣ ለሊነክስ እምብርት፣ በትክክል አይነግረውም። ቺፑ ራሱ ተበላሽቶ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

የከርነሉ ታሪክም ለምርመራው ይጠቅማል። ቲፒኤም ቲስ የሚባለው ይህ ድራይቨር ለብዙ ዓመታት በኢንተራፕት በደንብ አይሠራም ነበር፤ አብዛኛው ማሽን ሳይታወቅ በፖሊንግ ይኖር ነበር። በአውሮፓውያን 2019 አንድ ማሻሻያ ሲገባ ቲንክፓድ ቲ490ኤስ ላይ ጎርፉ ታየ። በ2023 በከርነል 6.4 ኢንተራፕቱ በትክክል እንዲሠራ ተደረገና፣ እስከዚያ ተሸፍኖ የኖረው የፈርምዌር ጉድ በየላፕቶፑ ወጣ። ቲንክፓድ ኤል490 እና ኤል590፣ የ12ኛና የ13ኛ ትውልድ ኢንቴል ያላቸው ፍሬምወርክ ላፕቶፖች፣ ሌሎችም ኢንተራፕት እንዳይከፈትባቸው በከርነሉ ዝርዝር ውስጥ ስማቸው ገባ። ዝርዝሩ እየረዘመ ሲሄድ አዘጋጆቹ ከ6.5 ጀምሮ ውሳኔውን ገለበጡት፦ ተጠቃሚው ራሱ ካልጠየቀ በቀር ኢንተራፕት አይከፈትም፣ ፖሊንግ ይሁን አሉ። በእኔ እምነት ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከርነሌ ስንት ነው?» የሚለው ነው።

ትዕዛዞቹን ስለማንበብ

ይህን መመሪያ ለራሱ ከሚያነበው ሌላ በስልክ ለሌላ ሰው የሚያነብም ይኖራል። ከሞጣ ወይም ከቢቸና አንድ መምህር ደውሎ «ምን ልጻፍ?» ሲል ፊደል በፊደል ነው የሚነገረው። ስለዚህ ትዕዛዞቹን የጻፍኳቸው እንደሚነበቡት ነው። ተርሚናል ላይ የሚገቡት በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንሹ ነው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ አስቀድማችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ቃል ከቃል የሚለየው አንድ ክፍት ቦታ ነው። «የታች ሰረዝ» ስል ከፊደሎቹ ግርጌ የሚሰመረውን ማለቴ ነው። «ቀጥ ያለ መስመር» ስል ደግሞ ሁለት ትዕዛዝ የሚያገናኘውን ቋሚ መስመር።

የከርነሉን ቁጥር ለማወቅ «ዩኔም» በሉ፦ ዩ፣ ኤን፣ ኤ፣ ኤም፣ ኢ። ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ አር። የሚወጣው ቁጥር በ6.4 የሚጀምር ከሆነ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው። 6.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሌላ ቦታ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ያም ሆኖ ምርመራውን ቀጥሉ፤ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሳይነኩ መመርመር

በመጀመሪያ ከርነሉ ሲነሳ የጻፈውን አንብቡ። ትዕዛዙ ሱዶ፣ ክፍት ቦታ፣ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ፣ ክፍት ቦታ፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ ክፍት ቦታ፣ ሌስ ነው። ሱዶ፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማዘዣው፣ የሚጻፈው ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ ተብሎ ነው፤ ሌስ ደግሞ ኤል፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኤስ። ጽሑፉ ሲከፈት ስላሽ ተጭናችሁ «ቲፒኤም» የሚለውን ሦስት ፊደል ጻፉና ኢንተር በሉ። ቀጣዩን ለማግኘት ኤን፣ ለመውጣት ኪው።

የምታገኙት ከሦስቱ አንዱ ሊሆን ይችላል።

«ፈርምዌር በግ» ብሎ ጀምሮ «ቲፒኤም ኢንተራፕት ኖት ወርኪንግ፣ ፖሊንግ ኢንስቴድ» የሚል መስመር ካያችሁ አትደንግጡ። ድራይቨሩ ኢንተራፕቱን ሞክሮ አልሠራ ሲለው በራሱ ወደ ፖሊንግ ዞሯል ማለት ነው። ማሽኑ ሲነሳ ቀይ ሆኖ ስለሚታይ ያስፈራል እንጂ ምንም ጉዳት የለውም። ፋኑ ጸጥ ካለ፣ ባትሪው ከቆየ፣ እዚሁ ላይ አቁሙ። የሚስተካከል ነገር የለም።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። እዚያው ሌስ ውስጥ ስላሽ ብላችሁ «ኖባዲ» የሚለውን ፈልጉ፦ ኤን፣ ኦ፣ ቢ፣ ኦ፣ ዲ፣ ዋይ። «ኖባዲ ኬርድ» የሚል ጽሑፍ ከተገኘ ከርነሉ «ይህን ጥሪ የእኔ ነው ያለ የለም» እያለ ነው። ከ100,000 ጥሪ 99,900ው ባለቤት ካጣ ከርነሉ ያንን መስመር ይዘጋዋል። ከመልእክቱ በታች መስመሩን የሚጠቀሙት ድራይቨሮች ስም ይዘረዘራል። እዚያ ውስጥ «ቲስ» የሚል ካለበት፣ ቲ፣ አይ፣ ኤስ ማለት ነው፣ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ስሙ ከሌለበት ግን የእናንተ ችግር የሌላ ዕቃ ነው፤ ይህ መመሪያ አይጠቅማችሁም። መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ፋኑ ጸጥ ሊል ይችላል። ነገር ግን ያንን መስመር የሚጋራ ሌላ ዕቃ ካለ አብሮ ይታመማል። ድራይቨሩም የማይመጣ ጥሪ ሲጠብቅ ማሽኑ ለመነሳት ወይም ለመጥፋት ሊዘገይ ይችላል።

ሦስተኛው የድራይቨሩ ስም «ሲአርቢ» ሆኖ መገኘቱ ነው። በፕሮሰሰሩ ወይም በቺፕሴቱ ውስጥ ያለ ቲፒኤም፣ የኤኤምዲው ኤፍቲፒኤም ለምሳሌ፣ በዚህ ድራይቨር ነው የሚሠራው። የኢንተራፕት ጎርፍ ጉዳይ እዚያ የለም። ኤኤምዲ ላይ ማሽኑ ለአፍታ ቀጥ እያለ የሚያስቸግር ከሆነ ያ ሌላ የታወቀ ችግር ነው፤ ቺፑ የዘፈቀደ ቁጥር እንዲሰጥ ሲጠየቅ የሚመጣ ነው። ከርነል 6.5 ያንን አገልግሎት በኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም ላይ ዘግቶታል።

ቀጥሎ ጥሪዎቹን ቁጠሩ። ከርነሉ የእያንዳንዱን ኢንተራፕት ብዛት «ፕሮክ» በሚባል ማውጫ ውስጥ ይመዘግባል። ትዕዛዙ እንዲህ ይነበባል፦ ዋች፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ኤን፣ ክፍት ቦታ፣ 1፣ ክፍት ቦታ፣ ግሬፕ፣ ክፍት ቦታ፣ ቲፒኤም፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ ፕሮክ ስላሽ ኢንተራፕትስ። ዋች ደብሊው፣ ኤ፣ ቲ፣ ሲ፣ ኤች ነው። ግሬፕ ጂ፣ አር፣ ኢ፣ ፒ። ፕሮክ ፒ፣ አር፣ ኦ፣ ሲ። «ኢንተራፕትስ» ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሁለት አር አለው፣ መጨረሻው ኤስ ነው፦ አይ፣ ኤን፣ ቲ፣ ኢ፣ አር፣ አር፣ ዩ፣ ፒ፣ ቲ፣ ኤስ።

ማያ ገጹ በየሴኮንዱ ይታደሳል። ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ኮር አንድ ቁጥር አለ። ቁጥሮቹ ትንሽ ሆነው ከቆሙ ጤና ነው። ዓይናችሁ እያየ በሺዎች የሚሮጡ ከሆነ ጎርፉ ይኸው ነው። 100,000 አካባቢ ደርሰው ቀጥ ብለው ከቆሙ ደግሞ ከርነሉ መስመሩን ዘግቶታል። ምንም መስመር ካልመጣ ድራይቨሩ ቀድሞውንም በፖሊንግ እየሠራ ነውና ቲፒኤምን ተዉት፤ ፋኑን የሚያስጮኸው ሌላ ነው።

«ቶፕ» የሚለውን ትዕዛዝ የለመደ ሰው እዚያም ማየት ይችላል። ስሙ በ«አይአርኪው»፣ የኢንተራፕት መስመር ማለት ነው፣ ጀምሮ በ«ቲፒኤም0» የሚጨርስ ሥራ አናት ላይ ተሰይሞ ከተገኘ ነገሩ ያው ነው።

ቁልፋችሁን ሳትይዙ አትቀጥሉ

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዲስካችሁ የተቆለፈ ከሆነና ሲነሳ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ የሚከፈት ከሆነ፣ የሚከፍተው ቲፒኤሙ ነው። አንዳንዱ አሠራር ቁልፉን የሚሰጠው የማሽኑ አነሳስ ካልተለወጠ ብቻ ነው። ግራብ፣ ማሽኑ ሲበራ ሊነክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ለከርነሉ የሚያስተላልፈውን ቃል ቲፒኤሙ ውስጥ፣ ፒሲአር 8 በሚባለው መዝገብ ላይ ያስመዘግባል። ቁልፋችሁ በዚያ መዝገብ ከታሰረ አንድ ቃል ስትጨምሩ ዲስኩ በራሱ አልከፈት ሊል ይችላል። የዲስኩ የይለፍ ቃል ወይም የመመለሻ ቁልፉ በእጃችሁ ካለ ችግር የለም። ከሌለ ዛሬ አትጀምሩ።

ዊንዶውስም አብሮ ያለበት ማሽን ከሆነ የቢትሎከርን፣ የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያውን፣ መመለሻ ቁልፍ፣ 48 አሃዝ ነው፣ ወረቀት ላይ ገልብጡ። እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ማስቀመጥ ግን አይቆጠርም። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የተማሪ ውጤት፣ የሱቅ ሒሳብ በዚህ ምክንያት ሲጠፋ ማየት ያማል፤ የሚያድነውም አንድ ብጣሽ ወረቀት ነው።

ለአንድ ጊዜ መሞከር

ፋይል ውስጥ ከመጻፋችሁ በፊት ለአንድ መነሳት ብቻ ሞክሩት። ካልሠራ ሪስታርት ስታደርጉት ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ማሽኑን ሪስታርት አድርጉ። የግራብ ምርጫ በራሱ ካልመጣ ኢስኬፕ ተጫኑ፤ የቆዩ ማሽኖች ላይ ሺፍት ይዞ መቆየት ነው። ምርጫው ሲመጣ የመጀመሪያው መስመር ላይ እንዳላችሁ ኢ የሚለውን ፊደል ንኩ። ጽሑፍ ይከፈታል። «ሊነክስ» በሚል ቃል የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልጉ። ወደ መስመሩ መጨረሻ ሂዱ። መስመሩ ረዝሞ ወደ ታች ሊታጠፍ ይችላልና መጨረሻውን በደንብ ለዩ። ከዚያ አንድ ክፍት ቦታ ትታችሁ ይህን ጨምሩ፦

ቲ፣ ፒ፣ ኤም፣ የታች ሰረዝ፣ ቲ፣ አይ፣ ኤስ፣ ነጥብ፣ ኢንተራፕትስ፣ የእኩል ምልክት፣ ዜሮ።

መሃሉ ላይ ምንም ክፍት ቦታ የለም። ዜሮው ቁጥር ነው እንጂ ኦ የሚለው ፊደል አይደለም። አንድ ፊደል ቢሳሳት ማሽኑ ሳያጉረመርም ይነሳል፤ ቃሉ ግን ምንም አይሠራም። ስለዚህ ሁለቴ አንብቡት። ጨርሳችሁ ኮንትሮልና ኤክስን አብራችሁ ተጫኑ።

ከተነሳ በኋላ የቅድሙን የዋች ትዕዛዝ ድገሙ። የቲፒኤም መስመር ጨርሶ መጥፋት አለበት። ለጥቂት ጊዜ ተዉትና ፋኑን አዳምጡ፣ ባትሪውን እዩ።

ቋሚ ማድረግ

ሙከራው ከሠራ ኡቡንቱ፣ ሚንትና ዴቢያን ላይ የግራብን ፋይል ማስተካከል ነው። ፋይሉ ያለው ስላሽ ኢቲሲ፣ ስላሽ ዲፎልት፣ ስላሽ ግራብ ላይ ነው። ቅጂ ሳይያዝ አይነካም፤ በሱዶ «ሲፒ» በሚለው ትዕዛዝ በሌላ ስም አስቀምጡት። ከዚያ በሱዶ ናኖ ክፈቱት። «ግራብ፣ ሲኤምዲላይን፣ ሊነክስ፣ ዲፎልት» ተብሎ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ መስመር ታገኛላችሁ። ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ብዙ ጊዜ «ኳየት ስፕላሽ» የሚል አለ። ከነዚያ ቃላት ቀጥሎ፣ ከመዝጊያው ጥቅስ በፊት፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ ያንኑ ቃል ጨምሩ። በኮንትሮል ኦ አስቀምጡ፣ ኢንተር በሉ፣ በኮንትሮል ኤክስ ውጡ።

ይህ ብቻውን አይበቃም። ሱዶ፣ ክፍት ቦታ፣ አፕዴት-ሰረዝ-ግራብ ብላችሁ ማዘዝ አለባችሁ። ይህን የሚዘለው ብዙ ነው፤ በኋላ «አልሠራም» ይላል። ፌዶራ ላይ ፋይሉን መክፈት አያስፈልግም። «ግራቢ» የሚባል መሣሪያ አለ፤ ለሁሉም ከርነሎች ይሁን ብላችሁ ያንኑ ቃል ትሰጡታላችሁ።

አንዳንዱ በሞድፕሮብ ማውጫ ውስጥ አዲስ ፋይል ፍጠሩ ብሎ ይመክራል። ድራይቨሩ በሞጁልነት የሚጫን ከሆነ ይሠራል። ከከርነሉ ጋር አብሮ የተሠራ ከሆነ ግን ያንን ፋይል የሚያነበው የለም። በግራብ በኩል ያለው መንገድ ለሁለቱም ይሆናል። እኔ የምመክረው እሱን ነው።

ለማረጋገጥ ስላሽ ሲስ፣ ስላሽ ሞጁል፣ ስላሽ ቲፒኤም-የታች ሰረዝ-ቲስ፣ ስላሽ ፓራሜተርስ፣ ስላሽ ኢንተራፕትስ የሚለውን «ካት» በሚለው ትዕዛዝ አንብቡ። ዜሮ ወይም ትልቁ ኤን ከመጣ ተሳክቷል። ስላሽ ዴቭ ስላሽ ቲፒኤም0 የሚለውም በቦታው መኖሩን እዩ። ካለ ቺፑ በሥራ ላይ ነው። የተለወጠው የመነጋገሪያ መንገዱ ብቻ ነው። ቲፒኤም ሥራ የሚበዛበት ማሽኑ ሲነሳና ዲስክ ሲከፈት ነውና በፖሊንግ መሥራቱ በዓይን የሚታይ መዘግየት አያመጣም።

ቃሉ በትክክል ገብቶ ጎርፉ ካልቆመ ቺፑ የተያያዘው በኤስፒአይ መስመር በኩል እንደሆነ እዩ። ያ የተለየ ድራይቨር ነው፤ ይህን ቃል አይሰማም። እዚያ ላይ ከርነሉን ማሻሻል ነው መንገዱ። ከርነሉ 6.5 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የቲፒኤም መስመር ሲሮጥ ከታየ ደግሞ፣ አንድ ሰው ያንኑ ቃል በእኩል 1 አስገብቶት እንደሆነ ስላሽ ፕሮክ ስላሽ ሲኤምዲላይን ላይ አንብቡ። ከሌላ ሰው እጅ በተገዛ ላፕቶፕ ላይ ይህ ሊያጋጥም ይችላል።

እነዚህን አታድርጉ

ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም በፈርምዌሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ፣ «ክሊር ቲፒኤም» የሚል ምርጫ አለ። ችግሩን አይፈታም። የተዘጋጁትን ቁልፎች ግን ያጠፋል። የመመለሻ ቁልፍ የሌለው ሰው ዲስኩን ከዚያ በኋላ አይከፍተውም። ይህን «እንሞክረው» ብሎ የሚነካ ጠጋኝ ካጋጠማችሁ እጁን ያዙት።

ቺፑን ከባዮስ ማጥፋት ጎርፉን ያቆማል፤ እውነት ነው። ግን ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 ይጠይቃል። በቺፑ የሚከፈተው ዲስክም አይከፈትም። አንድ ቃል የሚበቃውን ነገር ለምን ዕቃ በማጥፋት?

«ኖባዲ ኬርድ» የሚለው መልእክት ራሱ «አይአርኪው ፖል በሚለው አማራጭ ሞክሩ» ይላል። ለዚህ ችግር አትከተሉት። ምንጩን አይነካም፤ ማሽኑን በሙሉ ሊያዘገይ ይችላል። ኤሲፒአይን፣ ከርነሉ ኃይልንና ዕቃዎችን የሚቆጣጠርበትን ሥርዓት፣ መዝጋትም እንደዚሁ ነው፤ ባትሪውን፣ እንቅልፉን፣ ፋኑን አንድ ላይ ያበላሻል።

ኔትወርክ ሲገኝ

ደህና ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ስትደርሱ፣ ካምፓስም ይሁን ቤት፣ ከርነሉን አሻሽሉ። ቀጥሎ የላፕቶፑን ፈርምዌር እዩ። ብዙ የሊነክስ ስርጭቶች ላይ «ኤፍደብሊውዩፒዲ» የሚባል አገልግሎት አለ፤ አምራቹ አዲስ ባዮስ አውጥቶ እንደሆነ ይነግራል። የመስመሩ ስህተት ከሥሩ የሚስተካከለው እዚያ ነው።

ባዮስ ሲታደስ መብራት ከጠፋ ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ባትሪውን ሙሉ አድርጋችሁ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ጀምሩ። ባትሪው የሞተና በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ከሆነ፣ መብራት በየሰዓቱ በሚሄድበት ሰፈር ይህን አትሞክሩ። ከግራቡ ቃል ጋር እንዳለ ይኑር፤ ምንም አይጎድለውም። የዲስክ መመለሻ ቁልፉም እንደገና በእጅ ይሁን፤ ባዮስ ሲታደስ ቲፒኤሙ የሚይዘው መዝገብ ሊለወጥ ይችላል።

ለስርጭታችሁ አዘጋጆች ማሳወቅም ትልቅ ቁም ነገር ነው። የተለያዩ ላፕቶፖች በከርነሉ ዝርዝር ውስጥ የገቡት ተጠቃሚዎች ስለተናገሩ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የላፕቶፑን ሙሉ ሞዴል፣ የባዮሱን ቁጥር፣ የከርነሉን ቁጥር፣ የዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂውን ሙሉ ጽሑፍና የኢንተራፕቶቹን ሰንጠረዥ አያይዙ። የላፕቶፑ መለያ ቁጥር ግን አብሮ እንዳይሄድ ቀድማችሁ አጥፉት።

ከርነሉ 6.5ን ካለፈ በኋላ የጨመራችሁት ቃል ባይኖርም ይሆናል። መተዉም አይጎዳም። ማንሳት የፈለገ ከዚያው ፋይል ይሰርዘውና አፕዴት-ሰረዝ-ግራብን እንደገና አዝዞ ሪስታርት ያድርግ። ከዚያ የዋች ትዕዛዙን አንድ ጊዜ አሂዶ ቁጥሮቹን ይይ።